ሳክስፎን ከሮማንቲኮች ጎን፦ ስለ አንድ የኦርኬስትራ ዝግጅትና ስለ ቃላቱ

በ2014 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) በለንደን ፕሮምስ በተባለው የሙዚቃ ወቅት የቢቢሲ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ በማሪን አልሶፕ መሪነት የጆን አዳምስን የሳክስፎን ኮንሰርቶ ከጉስታቭ ማህለር 1ኛ ሲምፎኒ ጋር አጣምሮ አቅርቦ ነበር። ሳክስፎኑን የነፋው ቲሞቲ ማካሊስተር ነው። አዳምስ ድርሰቱን የጻፈው ለዚሁ ሰው ሲሆን፣ በ2013 በሲድኒ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማውም በእርሱ ትንፋሽ ነው። ዝግጅቱን በዚህ መጽሔት ማንሣታችን ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሁለቱን ድርሰቶች ማጣመሩ ራሱ ሊመዘን የሚገባው የጥበብ ፍርድ ነው፤ ሁለተኛም፣ ይህን ምዘና በአማርኛ ለመጻፍ ብዕሩን ያነሣ ሁሉ ገና ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ከቃላት ችግር ላይ ይወድቃል።

ሳክስፎን የቤልጅጉ ተወላጅ አዶልፍ ሳክስ በ1846 በፓሪስ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበበት መሣሪያ ነው። ቤርሊዮዝ ከዚያም አስቀድሞ፣ በ1842፣ በጋዜጣ አወድሶታል። ይሁን እንጂ እንግዳው የደረሰው ድንኳኑ ከሞላ በኋላ ስለ ነበረ የኦርኬስትራው መቀመጫ አልተለቀቀለትም፤ የተቀበሉት የጦር ሠራዊት የማርሽ ባንዶች ናቸው። ቢዜ በ1872 ለቲያትር በደረሰው ሙዚቃ ውስጥ፣ ሪሻርድ ሽትራውስም በ1904 በአንድ ሲምፎኒው ውስጥ አስገብተውታል፤ ማህለር ግን በሲምፎኒዎቹ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠቀመበትም። እንግዲህ አዲሱን የሳክስፎን ድርሰት ከማህለር ጎን ማስቀመጥ በዘመኑ በር ላይ የቀረውን እንግዳ ዘግይቶ ወደ አዳራሹ መጥራት ማለት ነው። ሐሳቡ መልካም ነው።

የአዳምስ ድርሰት ግማሽ ሰዓት ያህል የሚወስድ ባለ ሁለት ክፍል ሥራ ነው። የደራሲው አባት የአልቶ ሳክስፎን ነፊ ስለ ነበሩ የጃዝ ድምፅ ለአዳምስ የቤት ድምፅ ነበር፤ ቻርሊ ፓርከር በክር መሣሪያዎች ታጅቦ የቀዳውን፣ ስታን ጌትዝም በ1961 ‹ፎከስ› በሚል ስም የቀዳውን ሸክላ አርአያ እንዳደረገ ራሱ ገልጿል። ሆኖም ነፊው በዚያው ቅጽበት እየፈጠረ የሚያሰማው የሚመስለው ሁሉ በኖታ የተጻፈ ነው። በእኛ ግምት የድርሰቱ ዋጋ ያለው በፍጥነቱ ላይ አይደለም፤ የመጀመሪያው ክፍል ረግቦ ሳክስፎኑ ከክር መሣሪያዎቹ በላይ ብቻውን በሚያንጎራጉርበት ስፍራ ነው። ሁለተኛው ክፍል አጭርና ጥድፊያ የበዛበት ነው፤ የጣቶቹ ሥራ ያስደንቃል፣ ነገር ግን የፊተኛው ክፍል ያነሣውን ሳይመልስ በሩጫ የሚያልፍ ይመስለናል።

ከዚህ በኋላ የማህለር መክፈቻ ይመጣል፤ አንድ ድምፅ ብቻ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ክር ተዘርግቶ ጸጥ ብሎ ይቆያል። በሩጫ የደከመ ጆሮ በዚህ ያርፋል። እስከዚህ ድረስ ቅደም ተከተሉ የሰመረ ነው። የሚጎዳው ፍጻሜው ነው። ማህለር በመጨረሻው ክፍል ሰባቱን ሆርን ነፊዎች ከመቀመጫቸው ተነሥተው እንዲነፉ ያዝዛል፤ ያን የሰማ አድማጭ ከአንድ ሰዓት በፊት የሰማውን የአንድ አልቶ ሳክስፎን እንጉርጉሮ ይዞ ወደ ቤቱ መግባቱን እንጠራጠራለን። ከሮማንቲኮቹ መካከል ድምፀ ልዝብ የሆነ ሥራ ቢመረጥለት ኖሮ አዲሱ ድርሰት የበለጠ በተጠቀመ ነበር።

እነዚህን ሦስት አንቀጾች ስንጽፍ ‹ተጫወተ› የሚለውን ግሥ ሆን ብለን ተውነው። በአማርኛ በገና ይደረደራል፤ ክራር ይመታል፤ ዋሽንትና እምቢልታ ይነፋሉ። ለየመሣሪያው የየራሱ ግሥ እያለው ቋንቋችን ሁሉንም በ‹ተጫወተ› እንዲያጠቃልል ያስገደደው የትርጉም ልማድ ብቻ ነው። ‹ማካሊስተር በለንደን ሲጫወት አመሸ› ብንል አንባቢው ‹ከማን ጋር?› ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የሙዚቃ ሂስ ችግር ብዙ ጊዜ ከስም እጥረት ይቈጠራል፤ እኛ ግን ያሉንን ግሦች አለመጠቀማችን የሚብስ ይመስለናል።

ለዚህም ሳክስፎን ራሱ ምስክር ነው። ጌታቸው መኩሪያ (1935–2016) ሽለላን ወደ ሳክስፎን ባሻገረ ጊዜ ግሡንም አብሮ አሻግሮታል። የእርሱን ቴነር የሰማ ሰው ‹ሳክስፎኑ ሸለለ›፣ ‹አቅራራ› ቢል ዘይቤ እያበጀ አይደለም፤ የሰማውን በስሙ እየጠራ ነው። ‹አንጎራጎረ›፣ ‹አላዘነ›፣ ‹ፎከረ› የሚሉትም ለዚሁ መሣሪያ የተዘጋጁ ያህል ይስማማሉ። እርግጥ የአዳምስ ድርሰት ሽለላ አይደለምና ሐያሲው በቦታው ብቻ ሊያውላቸው ይገባል።

ወደ ስሞቹ እንመለስ። ‹ኮንሰርት› ሕዝብ ተሰብስቦ ሙዚቃ የሚሰማበት ዝግጅት ነው፤ ‹ኮንሰርቶ› ደግሞ ለአንድ መሣሪያና ለኦርኬስትራ የሚጻፍ ድርሰት ነው። ሁለቱን የሚለየው አንድ ፊደል በመሆኑ አራሚው ‹ቶ›ን ‹ት› አድርጎ ቢያቃናው ‹የሳክስፎን ኮንሰርት› የሚል ይወጣል፤ አንባቢውም ሳክስፎን ብቻ የሚሰማበት ምሽት ይመስለዋል። ‹ኮንሰርቶ› ባለበት ይቈይ እንላለን፤ ፍቹ ግን ከአገር ዘፈን ሥርዐት ‹አቀንቃኝ› እና ‹ተቀባይ› የሚሉትን ቢዋስ ለአንባቢ ይቀርባል። ማሳሰቢያ ማከል ያሻል፦ ተቀባይ የአቀንቃኙን ይመልሳል፤ የአዳምስ ኦርኬስትራ ግን ነፊውን ይሻማዋል፣ አንዳንዴም ይቀድመዋል። ‹መሪ› የሚለውም እንዲሁ ነው። በቤተ ክርስቲያን ዜማ ‹መራ› ማለት ቀድሞ አሰማ ማለት ሲሆን፣ የኦርኬስትራ መሪ ከሁሉም መካከል ድምፅ የማያሰማው ሰው ነው።

የድርሰቱን ባለቤት ‹አቀናባሪ› ማለትን አንደግፍም። በሸክላና በካሴት ሽፋን ላይ ግጥም፣ ዜማና ቅንብር ተለያይተው ለሦስት ሰዎች ሲሰጡ ኖረዋልና፣ ‹አቀናባሪ› የሌላውን ዜማ ለመሣሪያዎች የሚያደላድለው ባለሙያ ስም ሆኖ ጸንቷል። አዳምስ ዜማውንም ቅንብሩንም ራሱ ስለሚጽፍ ‹የሙዚቃ ደራሲ› ይባል።

‹የእንጨት የትንፋሽ መሣሪያዎች› የሚለው ምድብ ብዙ ተርጓሚ ያሰናክላል፤ ሳክስፎን ከናስ ተሠርቶ ሳለ የሚመደበው ከዚሁ ነውና። ምድቡ የሚመለከተው አካሉን ሳይሆን ድምፁ የሚፈልቅበትን መንገድ ነው። በናስ መሣሪያዎች የሚርገበገበው የነፊው ከንፈር ሲሆን፣ በሳክስፎን ግን በአፉ ላይ የሚታሠረው ከሸምበቆ የተላገ ስስ ምላስ ነው። የዋሽንታችንም ግንድ ሸምበቆ መሆኑን ለፍች ሰጪው እናስታውሳለን።

‹ሮማንቲክ› ከሁሉ ይልቅ ያስቸግራል። በዕለት ንግግር ቃሉ የፍቅረኞች ሆኗል፤ ስለዚህ ‹የፍቅር ዘመን ሙዚቃ› የሚል ትርጉም ቢታይ አያስገርምም፤ ስሕተት መሆኑ ግን አይቀርም። የአውሮፓ ቃል ምንጩ በላቲን ሳይሆን በሕዝብ ቋንቋ ይጻፉ የነበሩት የጀብዱና የተአምር ታሪኮች ስም ነው። በሙዚቃ በ19ኛው መቶ ዓመት የግል ስሜትን፣ ተፈጥሮንና ሥነ ጽሑፍን መነሻ ያደረገውን አዝማሚያ ያመለክታል። የቀብር ማርሽ ያለበትን ሲምፎኒ ‹የፍቅር› ብሎ ማስተዋወቅ አድማጩን ማሳሳት ነው። ‹የሮማንቲክ ዘመን› ተብሎ በመዝገበ ቃላት ሁለት የተለያዩ ፍቾች ይሰጡት።

የድርሰትን አካል ‹እንቅስቃሴ› ማለት ደግሞ የውጭውን ቃል በቁሙ መገልበጥ ነው፤ ‹ክፍል› ይበቃል። ‹ማይነር›ንም ‹ታናሽ› ብሎ መተርጐም አያስፈልግም፤ ሙዚቀኞቻችን ‹ትዝታ ማይነር› እያሉ ከቅኝታቸው ጋር አዋሕደውታልና። ይህ ቃል የማህለርን ሦስተኛ ክፍል ለማስረዳት የግድ ነው፦ ሕፃናት የሚዘፍኑትን የታወቀ ዜማ ወደ ማይነር ለውጦ፣ ለብቸኛ ደብል ባስ ሰጥቶ፣ የቀብር ማርሽ አድርጎታል። ምንጩም የጫካ አራዊት የአዳኙን አስከሬን አጅበው ሲሄዱ የሚያሳይ ሥዕል ነው። ይህን ‹ሙሾ› ብሎ የሚተረጕም ሰው አልቃሽ ያስመጣና ምፀቱን ያባርራል። አራዊቱ አያለቅሱም።

በመጨረሻ የሲምፎኒው ስም ይቀራል። ማህለር በ1889 በቡዳፔስት ሲያቀርበው ‹ሲምፎናዊ ግጥም› ብሎት ነበር፤ በ1893 በሃምቡርግ ከዣን ፓውል ልብ ወለድ ‹ታይታን› የሚለውን ስም ጨመረ፤ በ1896 በበርሊን ግን ስሙን ሠርዞ፣ ሁለተኛውንም ክፍል አውጥቶ፣ ባለ አራት ክፍል ሲምፎኒ ብሎ አቀረበው። ‹ግዙፉ ሲምፎኒ› ብሎ የሚተረጕም እንግዲህ ደራሲው የሠረዘውን ስም እየተረጐመ ነው፤ ማስገባት ካሻውም ‹ታይታን›ን ሳይተረጕም ከዓመቱ ጋር ይጻፈው። ‹ሲምፎናዊ ግጥም› የሚለውን ግን ቃል የሌለው ግጥም ምን ይባላል ብለው የሚነቅፉትን አንከተልም። ‹ግጥም› ከ‹ገጠመ› የወጣ ነው፤ የሚገጥመውም ቃል ብቻ ነው የሚል ሕግ በግሡ ውስጥ የለም።