«ጨለማ በኤል ዶራዶ»፦ የክትባቱ ክስና የተዘነጋው ደም

ጋዜጠኛው ፓትሪክ ቲየርኒ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት «ጨለማ በኤል ዶራዶ» የተሰኘ መጽሐፍ በአንትሮፖሎጂ ባለሙያዎች ዘንድ ያስነሣው ክርክር ለሐኪም የራቀ ይመስላል። ይሁንና የክሱ እምብርት የኩፍኝ ክትባት ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ሐኪምና የዘር ውርስ ተመራማሪ የነበሩት ዶ/ር ጄምስ ኒል ከአንትሮፖሎጂስቱ ናፖሊዮን ሻግኖን ጋር በቬኔዙዌላ፣ በላይኛው ኦሪኖኮ ወደሚኖሩት ያኖማሚዎች በተጓዙበት ወቅት የኩፍኝ ወረርሽኝ ብዙ ሰው ፈጀ። ቲየርኒ ወረርሽኙን ያባባሰው፣ ምናልባትም የቀሰቀሰው፣ ቡድኑ የሰጠው ኤድመንስተን ቢ የተባለው ክትባት ነው የሚል ጥርጣሬ በአንባቢ ልብ ይዘራሉ።

ጥርጣሬው መሠረት የለውም። ክትባቱ ትኩሳትና ሽፍታ ያስከትል ስለነበር ከጋማ ግሎቡሊን ጋር ይሰጥ እንደነበር እውነት ነው። ሆኖም የክትባቱ ቫይረስ ከተከተበ ሰው ወደ ሌላው ሲተላለፍ ታይቶ አይታወቅም፤ በሽታውም ከቡድኑ ቀድሞ ወደ አካባቢው ገብቶ ነበር። የአሜሪካ አንትሮፖሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2002 የተቀበለውን የምርመራ ሪፖርት አባላቱ በ2005 በድምፅ ሽረውታል።

የሚያሳዝነው፣ በዚህ ሐሰተኛ ክስ ጩኸት ሳቢያ ከባዱ ጉዳይ ሳይሰማ መቅረቱ ነው። ያኖማሚዎች የሟችን ስም መጥራት ነውር ነው ይላሉ። የዘር ውርስ ጥናቱ ግን የትውልድ ሐረግ ይፈልግ ነበር። ሻግኖን ራሳቸው እንደጻፉት፣ ሰዎቹ ለወራት የፈጠራ ስም፣ አብዛኛውንም ጸያፍ፣ እየሰጡ ሲያላግጡባቸው ቆይተዋል። በኋላ እውነተኛውን ስም ያገኙት የተጣሉ ሰዎችንና የባላንጣ መንደሮችን በመጠየቅ ነው። እንቢታው ከዚህ በላይ በምን ቋንቋ ሊነገር ይችል ነበር? ለዘዴው ብልጠት የሚሰጠው አድናቆት ይህን ጥያቄ ይሸፍነዋል።

ደሙም እንዲሁ ነው። ናሙናው የተሰበሰበው በመጥረቢያ፣ በገጀራና በድስት ልውውጥ ነበር። ብዙዎቹ ያኖማሚዎች ደማቸው ለሕመማቸው መድኃኒት ለመሻት እንደተወሰደ ተረድተዋል፤ ለዓመታት በማቀዝቀዣ እንደሚቀመጥ የተረዳ አልነበረም። ሟቹን አቃጥሎ አመዱን ከሙዝ ሾርባ ጋር የሚጠጣ፣ የሟች ነገር አንዳች እንዳይቀር የሚጠነቀቅ ሕዝብ ይህን ቢያውቅ ይፈቅድ ነበር ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። የሚከትበውና ደም የሚቀዳው ቡድን አንድ ሲሆን፣ ታማሚው ሕክምናውን ከምርምሩ የሚለይበት መንገድ የለውም። የዶ/ር ኒል ክትባት ሕይወት ለማዳን የታሰበ መሆኑ ይህን ችግር ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም፤ የምስጋና ዕዳ ያለበት ሰው እንቢ ማለት ይከብደዋልና።

ቲየርኒ ስለ ደሙ ያነሡት ጥያቄ ከክትባቱ ክስ ይልቅ ዘልቋል። ብራዚል የሚኖሩት ያኖማሚዎች ከአሜሪካ ቤተ ሙከራዎች ደማቸው እንዲመለስ ለዓመታት ሲጠይቁ ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የተመለሰላቸውን ናሙና በመንደራቸው ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት።