ታማሚዋ ቢላዋውን ስትይዝ

ከቴሜስካል የሚሳፈር አሜሪካዊ አገሬን ሲሰማ «ካቲንግ ፎር ስቶንን አንብበሃል?» ይለኛል። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

ልብ ወለዱ የወጣው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። ደራሲው ዶክተር አብርሃም ቨርጊስ ከህንዳውያን መምህራን አዲስ አበባ ተወልደው፣ ዛሬ ከባሕሩ ማዶ በስታንፎርድ ሕክምና ያስተምራሉ። የሐኪምን ድካምና ጸጸት እንደ እርሳቸው የጻፈ አላየሁም። ማጽናኛ ቃል በጆሮ የሚሰጥ መድኃኒት መሆኑንም መጽሐፉ ያስተምራል። ከታማሚው አፍ ወደ ሐኪሙ ጆሮ የሚሄደውስ? ልጁን አስተርጓሚ አድርጎ ሐኪም ፊት የተቀመጠ ወገናችን ያውቀዋል፤ ግማሹ ሕመም ሳይነገር ይቀራል። መጽሐፉ የሚሳሳው እዚህ ላይ ነው። ተራኪው ማሪዮን ቀዶ ሐኪም ስለሆነ ታማሚውን የምናየው ከአልጋው በላይ ቆመን ነው።

ከሁሉ የከነከነኝ የፊስቱላው ነገር ነው። በልብ ወለዱ ሕክምና ትምህርት ቤት ሳይገባ ይህን ቀዶ ሕክምና የሚካነው ሺቫ፣ በሐኪሞች ቤት ያደገ ልጅ ነው። በእውነተኛይቱ አዲስ አበባ ግን ይህን ያደረጉት ታማሚዋ ናቸው። ማሚቱ ጋሼ ፊደል ሳይቆጥሩ፣ ገና በወጣትነታቸው በምጥ ተጎድተው ወደ ዶክተር ሬጅናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን መጡ። ከታከሙ በኋላ አልጋ እያነጠፉ፣ መሣሪያ እያቀበሉ ቆይተው ራሳቸው ቢላዋውን ያዙ። ባልና ሚስቱ በ1974 እ.ኤ.አ. በከፈቱት የፊስቱላ ሆስፒታል ስንቷን ሴት ጠገኑ፤ ከውጭ የመጡ ሐኪሞችንም አሠለጠኑ። ሽንቷን መቆጣጠር አቅቷት ከሰው የተገለለች ሴት ስትመጣ ማሚቱ ቁስሉን ብቻ ሳይሆን እፍረቱንም ያውቁታል።

ደራሲ የወደደውን ይፈጥራል ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። እኔ ግን ያቺ ሴት ተራኪ ብትሆን ምን እንሰማ ነበር እላለሁ። ሆኖም አንብቡት፤ ለአዲስ አበባው ብቻ እንኳ ዋጋውን ያወጣል።