ትልሙ የማን ነው? «አውተር ዋይልድስ» በተሰኘው የቪዲዮ ጨዋታ ላይ የቀረበ አስተያየት

የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ስንጀምር በቅድሚያ ከምንማራቸው ነገሮች አንዱ ትልም በምክንያትና በውጤት የተሳሰረ የድርጊት ሰንሰለት መሆኑ ነው። ገጸ ባሕርይው ይነሣል፣ ይጋጫል፣ ይለወጣል። ይህን ብያኔ ለረጅም ጊዜ ሳልጠራጠር ይዤው ኖሬአለሁ። የተጠራጠርኩት ሞቢየስ ዲጂታል የተባለ የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣውን «አውተር ዋይልድስ» የተሰኘ ጨዋታ ስጫወት ነው። ጨዋታው አሌክስ ቢቸም በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ዲግሪው ከሠራው ሥራ የተነሣ ስለሆነ፣ እንዲህ ባለ መጽሔት ላይ መነሣቱ እንግዳ ነገር አይመስለኝም።

ተጫዋቹ የጠፈር ተጓዥ ነው። እሳት ዳር ይነቃል፤ በመንኰራኵሩ ወደ ፈለገው ፕላኔት ይሄዳል፤ ከ22 ደቂቃ በኋላ ፀሐይ ትፈነዳና ሁሉ ነገር ያልቃል። ከዚያም እዚያው እሳት ዳር ይነቃል። አዲስ መሣሪያ አይሸለምም፣ ጉልበትም አይጨምርም። ሞትን አሻግሮ የሚወስደው ያወቀውን ብቻ ነው። ወደ ፍጻሜው የሚወስደው መንገድ ከሞላ ጎደል ከመነሻው ክፍት ነበር፤ ተጫዋቹ አላወቀውም እንጂ።

«መቼ»ንና «የት»ን አጣምረን «መቼት» የምንለው ቃል እዚህ ላይ ሙሉ ትርጉሙን ያገኛል። ጎን ለጎን ከሚዞሩት ሁለት ፕላኔቶች ከአንዱ አሸዋ ወደ ሌላው ይፈስሳል። በአንዱ ላይ የተቀበሩ ሕንጻዎች ቀስ በቀስ ሲገለጡ፣ በሌላው ላይ ያሉት ዋሻዎች በአሸዋ ይሞላሉ። ሰዓቱ ካልታወቀ ቦታውን መጠየቅ ትርጉም የለውም። ንግርም እንዲሁ ነው። ተጫዋቹ ዓይኑን እንደ ገለጠ ከሩቅ ፕላኔት አጠገብ አንድ ነገር ሲፈነዳ ያያል። በየዙሩ ያየዋል፤ ምን እንደ ሆነ የሚረዳው ግን ከብዙ ሞት በኋላ ነው።

ከሁሉ የነካኝ ቸርት የተባለው ከዋክብት ተመልካች ነው። (በእንግሊዝኛው የቸርት ፆታ አልተለየም፤ የአማርኛው ግስ ግን ስለሚያስገድደኝ በወንድ አንቀጽ እጠራዋለሁ።) በዙሩ መጀመሪያ ቢያገኙት ደስተኛ ነው። ቆይተው ቢመለሱ ሰማይ ላይ ከዋክብት ሲሞቱ አይቶ ደንግጧል። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ተስፋው ተሟጥጦ ተቀምጧል። በሚቀጥለው ዙር እንደገና ደስተኛ ነው። የቸርት ለውጥ እውነተኛ ለውጥ ነው፤ ነገር ግን ከተጫዋቹ በቀር የሚያስታውሰው የለም። እንግዲህ ትልሙ የማን ነው?

ተደራሲው ቀስ በቀስ የሚያውቅበት ትልም በወንጀል ምርመራ ልቦለድም አለ የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ይሁንና የምርመራ ልቦለድ ገጹ ለገባውም ላልገባውም አንባቢ ይገለጣል። እዚህ ያልገባው ሰው ወደፊት አይራመድም። ለዚህም ነው የሚለወጠው ገጸ ባሕርይ ተደራሲው ራሱ ነው የምለው። ይህ መዋቅር ዋጋም ያስከፍላል፤ አንድ ዋሻ ለመድረስ ያንኑ በረራ አምስትና ስድስት ጊዜ መድገም አሰልቺ ነው፣ አንዳንድ ጊዜም ከሰነፍ ድርሰት የማይሻል መጓተት ነው።

ሆኖም ለውጡ ወዴት እንደሚያመራ እንመልከት። ቀድሞ የጠፉት ኖማይ የተባሉ ፍጡራን ፀሐይን ለማፈንዳት ጣቢያ መሥራታቸውን ተጫዋቹ በግድግዳ ላይ ከጻፉት ያነባል። ወንጀለኛውን አገኘሁ ይላል። በብዙ ድካም ጣቢያው ሲደርስ ግን ሙከራው እንዳልሠራ ያውቃል፤ ፀሐይ የምትሞተው ዕድሜዋ ስላለቀ ነው። ተጠያቂም የለም፣ የሚከላከሉትም ጥፋት የለም። ትልም በግጭት ይቆማል ብለን ስናስተምር ባላጋራ የሌለውን ይህን ሞት የት እናስገባዋለን?

ወደ ፍጻሜው ለመሄድ ደግሞ ዙሩን የሚያስኬደውን ማሽን እምብርት ነቅሎ መውሰድ ያስፈልጋል። ከተነቀለ በኋላ ሞት ሞት ነው፤ እሳት ዳር መንቃት የለም። እኔ ያን ዕቃ ፊት ለፊቱ ቆሜ ሳልነካው የአንዱን ዙር ቀሪ ጊዜ ሁሉ አሳለፍሁ። በሚቀጥለው ዙር ተመልሼ ነቀልሁት።