በአማርኛ ይበልጥ ያምራል

እስራኤላዊው ኮሜዲያን ዮሲ ቫሳ ብቻውን መድረክ ላይ ቆሞ የሚጫወተውን ትርኢት «በአማርኛ ሲሰማ ይበልጥ ያምራል» ብሎ ሰየመው። ትርኢቱ ግን በዕብራይስጥ ነው፤ ባሕር ማዶ ሲሄድ ደግሞ በእንግሊዝኛ። አዳራሹን የሚሞላው ሕዝብ በአብዛኛው አማርኛ የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። ገንዘቡን ከፍሎ ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል «ዋናው ጨዋታ አምልጦሃል» ተባለ ማለት ነው። ስደተኛ በሄደበት አገር የሚቀለድበት ባንደበቱ ነው፤ ይኼን ገደፈ፣ ያን ተኮላተፈ እየተባለ። ቫሳ ጉድለቱን ከተናጋሪው አንስቶ ሰሚው ጭን ላይ አስቀመጠው። ስድብ የለበት፣ እሮሮ የለበት። ተመልካቹም ስቆ ይቀበለዋል፤ ከሳቀ በኋላ ነው የገባው ነገር ምን እንደሆነ የሚያስበው። እኔ የዚህን ሰው ጥበብ ለማድነቅ ርዕሱ ብቻ ይበቃኝ ነበር።

ቫሳ እ.ኤ.አ. በ1975 ጎንደር ገጠር ከኢትዮጵያ አይሁድ፣ ከቤተ እስራኤል ወገን ተወለደ። በልጅነቱ፣ በዚያ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ዘመን፣ ቤተሰቡ ቀየውን ለቅቆ ወደ 700 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ በእግሩ ተጉዞ ሱዳን ገባ። በስደተኞች መጠለያው አያቱንና ሁለት ወንድሞቹን ሞት ነጠቀው። እስራኤል ደርሶ አደገ፤ ሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ቴአትር ተማረ። ከዚያ ሻይ ቤን አታር ከሚባል ጸሐፊ ጋር ገጠመና ትርኢቱን አብረው ጻፉ። ይህ ጥምረት ቀላል ነገር አይደለም። ቤን አታር ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው አይደለም። አንዱ ታሪኩን ከውስጥ ያውቀዋል፣ ሌላው የማያውቀውን ተመልካች ጆሮ ይዞ ይቀመጣል። ለአንደኛው ግልጽ የሆነው ሁሉ ለሌላው ግልጽ ስላልሆነ ቀልዱ ወረቀት ላይ እያለ ይፈተናል።

የአይሁድ ቀልድ ሲባል ዓለም ወዲያው የሚያስበው ምሥራቅ አውሮፓን ነው፤ በዪዲሽ የጻፈውን ሾሎም አሌይኸምን፣ ባለወተቱን ቴቭያን፣ ኋላም በኒውዮርክ የበቀሉትን ኮሜዲያን። የቫሳ ቀልድ ከዚያ ግንድ የተቀጠለ አይመስለኝም። እኛ ደቡብ ጎንደሮች ዘመዱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ የለብንም፤ በጨዋታቸው የታወቁት አለቃ ገብረ ሐና ፎገራ ናበጋ ተወልደው አይደል? የአለቃ ስልት እጅ እየነሱ መውጋት ነው። ተናጋሪው ራሱን ዝቅ ያደርጋል፣ ጌትዬው ይዝናናል፣ ሲዝናና ጎኑ ይጋለጣል። ቫሳም የሚያደርገው ይኸንኑ ነው። አውሮፕላን ያስደነገጠውን፣ ከተማ ያደናገረውን የመንደር ልጅ ሆኖ ይቀርባል፤ ተመልካቹ «እኔ ዐዋቂ ነኝ» ብሎ ሲመቻች መሬቱ ከሥሩ ይንሸራተታል። ሃይማኖቱ ሌላ ይሁን እንጂ ጨዋታው የደጋ ሰው ጨዋታ ነው።

እዚህ ላይ ደስ የማይል ነገር ማንሳት አለብኝ። ቤተ እስራኤል በጎንደር ምድር ብረት ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪና ሸማኔ ነበሩ። ገበሬው የሚያርስበትን ማረሻ የሚቀጠቅጡለት፣ ሚስቱ የምትጋግርበትን ምጣድ የሚሠሩላት እነሱ ናቸው። ምስጋናው ግን «ቡዳ» መባል ነበር፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ መባል። መሬት ርስት አይሆናቸውም፣ «ፈላሻ» የሚለው ስምም ዘለፋ ነበር። እጃቸው ሲፈለግ ዐይናቸው ይፈራል። የእስቴ ሰውም፣ የጋይንትና የስማዳም ሰው፣ «ጠይብ» የሚለውን ቃል በምን ድምፅ ይናገረው እንደነበር ሽማግሌዎች ያውቁታል። ከደብረ ታቦር ብዙም ባልራቀው ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ሲያስቀልጡ ባለእጅን ማክበር ከባላገሩ ልማድ ጋር የሚጋጭ ነገር ነበር።

በእስራኤልም ቢሆን ነገሩ አልቀለለም፤ መልኩን ቀየረ እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1996 ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች የለገሱት ደም በድብቅ ይደፋ እንደነበር ተጋለጠ፤ ሕዝቡ ኢየሩሳሌም ላይ አደባባይ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ፖሊሶች አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወታደር ሲደበድቡ የሚያሳይ ምስል ወጥቶ ኢየሩሳሌምና ቴል አቪቭ ታመሱ። አንዱ ጋ በእጅ ሥራው፣ ሌላው ጋ በቆዳ ቀለሙ። ቀልደኛው እጅ ላይ ያለው ብረት ይኼ ነው። ቀጥቃጭ የሰው ውድቅዳቂ ብረት ለቅሞ፣ አግሎ፣ ማረሻ ያደርገዋል፤ ቫሳም የተወረወረበትን ስድብ አልጣለውም።

ማጋሉ ላይ ግን ልክ አለ። ትንሽ ሲያልፍ ቀልዱ ራስን መሸጥ ይሆናል፤ ባላገሩ አባት የፈረንጅ መሣቂያ ሆኖ ይቀራል። ይህን ስጋት ቀለል አድርጌ አላየውም፤ የተሰባበረ አነጋገር እያሰሙ ማሳቅ የቀልድ ሁሉ ርካሹ ነው። ቫሳን የሚያድነው የሱዳኑ መንገድ ይመስለኛል። መንገዱ የሥራው አካል ነው፤ ሞቱም አለበት። ከመጀመሪያው በኀዘን ቢጀምር ተመልካቹ አንገቱን ደፍቶ፣ አዝኖ፣ ረስቶ ይሄድ ነበር። የሳቀለትን ቤተሰብ ግን እንደ ዘመድ ለምዶታል፤ ዘመድ መንገድ ላይ ሲወድቅ ዝም ብሎ ማየት አይቻልም። ለቅሶ ቤት ውስጥ ስለ ሟቹ ጨዋታ ሲነሣ የሚመጣውን ሳቅ የሚያውቅ ሰው ይህ ስልት ከየት እንደተቀዳ አይጠፋውም።

እ.ኤ.አ. በ2017 በእስራኤል ቴሌቪዥን የቀረበው «ነብሱ» ይህንኑ ጥበብ ከመድረክ ወደ ሳሎን አወረደው። ከቤን አታር ጋር የፈጠረው ተከታታይ ኮሜዲ ነው። ጊሊ የሚባል ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ ታማር የምትባል ከአውሮፓ አይሁድ ወገን የሆነች ሚስት፣ ግራና ቀኝ አማቾች። ጊሊን የሚጫወተው ራሱ ቫሳ ነው። ብልሃቱ የቦታ ምርጫው ላይ ነው። ዘረኝነትን ለማሳየት ጎዳናውና ፖሊስ ጣቢያው ቅርብ ነበሩ፤ በዚያ በኩል ክፉው ሰው ክፉ ሆኖ ይታያል፣ ተመልካቹም «እኔ እንደዚህ አይደለሁም» ብሎ እጁን ይታጠባል። እራት ማዕድ ላይ ግን ነገሩን የሚናገረው የምትወድህ አማትህ ናት፤ እያጎረሰችህ። ክፋት የለባትም፤ ለዚህም ነው የሚከብደው። የኢትዮጵያዊው ወገንም ቢሆን ከቀልዱ አላመለጠም። እኛም ስለ ትዳር፣ ስለ ዘር ቆጠራ፣ ሰው ምን ይላል ስለሚለው ጭንቀታችን የራሳችን ግትርነት አለን፤ በዚያም ይቀለዳል። ሁለቱም ጎን ካልተሣቀበት ኮሜዲ ሳይሆን ክስ ይሆን ነበር።

ኅዳር 10 ቀን 2011 ዓ.ም. ኒውዮርክ ላይ «ነብሱ» የዓለም አቀፉን ኤሚ ሽልማት በኮሜዲ ዘርፍ አሸነፈ። ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ሽልማቱን የሰጡት ዳኞች ከሥር የሚጻፈውን ትርጉም እያነበቡ የሳቁ ሰዎች ናቸው። በዕብራይስጥ ተከታታይ መሃል አንድ ቃል አማርኛ ጣል ሲደረግ ሳቁ ሁለት ቦታ ይፈነዳል። ዕብራይስጥ ተናጋሪው ትርጉሙን አንብቦ ይስቃል። ከዚያ በፊት ግን ኔታንያ ወይም አሽዶድ ሶፋ ላይ የተቀመጡት እትዬ ቃሉ ካፍ እንደወጣ ስቀው ጨርሰዋል፤ ልጃቸው «ምን አሉ? ምን አሉ?» እያለ ይጠይቃቸዋል። አንዱን አነጋገር ለሁለቱም ጆሮ እንዲሠራ አድርጎ መቁረጥ ከሁሉ የሚከብደው የእጅ ሥራ ነው፤ እኔ ለቫሳ የምሰጠው ዋጋም በእትዬ ሳቅ ነው።