የማይጻፍበት ዓምድና ዝምተኛው አዛማጅ

በዳታቤዝ ውስጥ ፕሮግራም ሊያነባቸው እንጂ ሊጽፍባቸው የማይገባ ዓምዶች አሉ። ኦብጀክትን ከሰንጠረዥ ጋር የሚያገናኙት፤ በተለምዶ ኦአርኤም የሚባሉትና እኛ እዚህ አዛማጅ የምንላቸው መሣሪያዎች፤ እነዚህን ዓምዶች የሚይዙበት መንገድ ጉድለት ያለበት ስለ ሆነ ትችታችንን እናቀርባለን።

ነገሩ በምሳሌ ይገለጣል። በአንድ የሽያጭ ሰንጠረዥ ዋጋ፤ ብዛትና ድምር የተባሉ ዓምዶች አሉ እንበል። ዋጋውን በብዛቱ አባዝቶ ድምሩን የሚያሰላው ዳታቤዙ ራሱ ነው። ፖስትግሬስኪውኤል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው ከ12ኛው እትሙ ጀምሮ፤ እንዲህ ያለውን ዓምድ ይፈቅዳል። በዓምዱ ላይ የራሴን ቁጥር ልጻፍ የሚል ቢመጣ ግን ስሕተት ነው ብሎ ይመልሰዋል።

እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የጃቫ ፐርሲስተንስ ደንብ በበኩሉ ኢንሰርተብልና አፕዴተብል የተባሉ ሁለት ምልክቶች ሰጥቷል። ሁለቱም ፎልስ ከተባሉ፤ ሃይበርኔት በሚልከው የመጻፊያ ትእዛዝ ውስጥ ዓምዱን አይጠቅስም። እስከዚህ መልካም ነው። ነገር ግን ፕሮግራመሩ በኦብጀክቱ ድምር ላይ 500 ብሎ ቢጽፍ ማን ይከለክለዋል? አዛማጁ ቁጥሩን ሳይልክ ያልፋል፤ ስሕተት አለ አይልም፤ ኦብጀክቱም 500ን እንደ ያዘ ይቆያል። ዳታቤዙ በግልጽ እምቢ የሚለውን አዛማጁ በዝምታ ይውጠዋል።

ሁለተኛው ጉድለት ይብሳል፤ ፕሮግራመሩ ምንም ሳያጠፋ ይደርስበታልና። ዋጋው 40፤ ብዛቱ 3፤ ድምሩ 120 የሆነ ረድፍ ተነቦ ብዛቱ ወደ 5 ይለወጥ። ዳታቤዙ 200 ብሎ ይመዘግባል፤ ኦብጀክቱ ግን አሁንም 120 ይላል። ደረሰኙ ከኦብጀክቱ የታተመ እንደ ሆነ ሻጩ 80 ብር ጎደለበት። ሪፍሬሽ ማድረግ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ ብዛቱ ገና ወደ ዳታቤዙ ሳይላክ ሪፍሬሽ ቢደረግ ግን አዲሱ 5 ራሱ ይጠፋል!

«ፕሮግራሙ አይጻፍበት» ማለትና «ዳታቤዙ ያሰላዋል» ማለት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው፤ እነዚያ ምልክቶች የሚናገሩት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሃይበርኔት ከደንቡ ውጭ ጄኔሬትድ የሚል የራሱን ምልክት ጨምሮ፤ ከተጻፈ በኋላ ቁጥሩን መልሶ ያነባል። ይህ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ረድፍ ሲገባ ብቻ ሳይሆን ሲሻሻልም እንዲያነብ መታዘዙ ግን አይዘንጋ።

የ500ው ነገር በቀላል ዘዴ ይገታል። ሃይበርኔት ፊልዱን በቀጥታ መሙላት ስለሚችል፤ ድምሩን ፕራይቬት አድርጎ ሴተር አለመጻፍ ነው። ያን ጊዜ ከክላሱ ውጭ ሆኖ ድምሩን ሊለውጥ የሚሞክረውን ኮምፓይለሩ ገና ከመነሻው ይመልሰዋል።