ጫካው ሲደምቅ ፊቱ ይነጣል

ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባሕር ዛፍ ሥር የሚነሱ የቤተሰብ ፎቶዎችን ሳይ አንድ ነገር ይከነክነኛል፤ ኤዲት ሲደረጉ ጫካው ይደምቃል፣ ሰዉ ይነጣል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ወደ አመድማ ያደላል፤ በላይትሩም እንደ ሙዝ ቅጠል ካለመለምነው የጎጃም መሆኑ ይጠፋል። ከቅጠሉ ፊት ላይ የሚያርፈውን አረንጓዴ መቀነስ ተገቢ ነው። የእናትን ጠይም ፊት ማንጣት ግን ሌላ ነገር ነው። ድሮ ኮዳክ የሕትመት ቀለሙን የሚመዝነው በነጭ ሴት ፎቶ፣ «ሸርሊ ካርድ» በሚባለው ነበር፤ ያንን ሚዛን ዛሬ በገዛ ጣታችን እየመለስነው ነው። ክሮፕ ስታደርጉም፣ ከአባት ራስ ላይ የበቀለ የሚመስለውን ግንድ አስወጡት፤ ዳር የቆሙትን አያት ግን እንዳትቆርጡ። ከ30 ዓመት በኋላ ልጆቻችን መጀመሪያ የሚፈልጉት የእሳቸውን መልክ ነው።