«አባቷ ማነው?» ካለው ፊልም ወዲህ

ተንቀሳቃሽ ሥዕል ወደ አገራችን በገባበት ዘመን ሕዝቡ የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት ነበር። ዛሬ ይህን ስም ሰምቶ መሳቅና ያን ትውልድ በአላዋቂነት መክሰስ ቀላል ነው። ነገሩን ጠለቅ ብሎ ለሚመረምር ሰው ግን ስሙን ያወጡት አባቶች አንድ ትልቅ ቁም ነገር ሳይገባቸው አልቀረም፤ ይኸውም በጨለማ ቤት ተቀምጦ የማያውቁትን ሰው ሕይወት በብርሃን ማየት እንደ ተራ ጨዋታ የሚታለፍ ነገር አለመሆኑ ነው። ኀይል ያለው ነገር ነውና ፈሩት። ያ ኀይል ዛሬም አለ፤ ነገር ግን ከአዳራሽ ወጥቶ በሳሎናችን ግድግዳ ላይና በእጃችን በምንይዘው ስልክ ውስጥ ስለ ተቀመጠ፥ የሚፈራው ቀርቶ የሚመረምረው እንኳ ጥቂት ሆኗል።

ስለዚህ በቤታችንም በሲኒማ ቤትም ተቀምጠን ስላየናቸው ጥቂት የአገራችን ፊልሞች ያለንን አስተያየት በዚህ ጽሑፍ ለአንባብያን ለማቅረብ አስበናል። የምንኖረው በአዲስ አበባ ምዕራብ፥ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ነው። ከአየር ጤናም ሆነ ከቤቴል ተነሥቶ ፊልም ለማየት ወደ መሃል ከተማ የሚሄድ ሰው፥ ከመግቢያው ዋጋ በላይ የታክሲውንና የምሽቱን መመለሻ ማሰብ ግድ ይሆንበታል። በዚህም ምክንያት በሠፈራችን ፊልም ማለት በአብዛኛው ቤተ ሰብ በእራት ሰዓት ተሰብስቦ የሚያየው ነገር ማለት ነው። ይህን ሁኔታ ወደ ጎን ትቶ በፊልም ላይ ፍርድ መስጠት ስለማይቻል፥ ስለ እያንዳንዱ ፊልም ሁለት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፥ ምን ይላል? ሁለተኛ፥ በአዳራሽና በቤት ሲታይ ምን ይሆናል?

የአገራችን ፊልምና የአገራችን ቴሌቪዥን እኩዮች ናቸው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በጥቅምት ወር 1957 ዓ.ም. ሲሆን፥ አቶ ኢላላ ኢብሳ ያቀረቡት የመጀመሪያው የአማርኛ ሙሉ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» ለሕዝብ የታየው በዚያው በ1957 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ የአዳራሹና የቤቱ መንገድ ከመነሻው ጎን ለጎን የተጠረጉ ናቸው ማለት ነው። ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቀን ግን የፊልሙ ስም ነው። የመጀመሪያው ፊልማችን ስሙ ጥያቄ ነው፤ ጥያቄውም ስለ አባት ነው። ከዚያ ወዲህ ከተሠሩት መካከል ከፍ ያለ ግምት ያገኙትን ሦስቱን፥ ማለት «ጤዛ»ን፥ «ድፍረት»ንና «ላምብ»ን፥ በየተራ ስንመለከት፥ አዘጋጆቻቸው ሳይመካከሩ ወደዚያው ጥያቄ ሲመለሱ አገኘናቸው።

በአቶ ዘረሰናይ ብርሃነ መሓሪ ተዘጋጅቶ በ2006 ዓ.ም. የወጣው «ድፍረት» እንደ አጋጣሚ የዋናዋ ልጅ ስም ሂሩት ነው። የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ይጠልፏታል፤ ክብሯም ይደፈራል፤ በማምለጥ ላይ ሳለች በጠላፊዋ ጠመንጃ ራሱን ጠላፊውን ትገድላለች። ታሪኩ በ1988 ዓ.ም. አካባቢ በእውነት ከደረሰ ነገር የተወሰደ ነው። በፊልሙ ውስጥ ለልጅቱ የምትቆመው ጠበቃም፥ ኋላ ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የነበሩትን ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊን የምትወክል ናት። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበት በር ይከፍትለት ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ያን በር ዘጋው። ፊልሙን ሙሉ በሙሉ ለመረዳት ይህን ማወቅ ያስፈልጋል።

የፊልሙ ስም ራሱ ሊመሰገን የሚገባው ነው። «ድፍረት» በቋንቋችን ጀግንነትም ነው፤ በደልም ነው። የደፈረም ይባላል፥ የተደፈረችም ትባላለች። በአንድ ቃል ውስጥ ወንጀሉና ለወንጀሉ የተሰጠው መልስ አብረው ተቀምጠዋል። ከሁሉ ይልቅ ያደነቅነው ሽማግሌዎቹ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው የሚሟገቱበትን ክፍል ነው። አዘጋጁ ሽማግሌዎቹን እንደ ጨካኝ አውሬ አላቀረባቸውም፤ በተራ የሚናገሩ፥ የሚደማመጡ፥ በሥርዓታቸው የሚያምኑ ሰዎች አድርጎ አሳይቷቸዋል። የልጅቱ አባት በመካከላቸው ተቀምጦ ለልጁ መናገር ሲያምጠው እናያለን። አባት አላት፤ ታዲያ ሊያድናት አልቻለም። ስለዚህ ጥያቄው «አባቷ ማነው?» ከሚለው አልፎ «የአባት ሥልጣን እስከ ምን ድረስ ነው?» ወደሚል ተሸጋግሯል።

ነቀፌታችንም ይህ ነው። ፊልሙ እየገፋ በሄደ መጠን ካሜራው ከልጅቱ ይልቅ ጠበቃዋን ይከተላል። የሕጉ ክርክር ሲያሸንፍ እናያለን፤ የሂሩት ልብ ግን ምን እንደሚል የምንሰማበት ጊዜ አጭር ነው። ነፃ ከወጣች በኋላ ወደ መንደሯ ለመመለስ አለመቻሏ ከሁሉ የከበደው ነገር ሆኖ ሳለ፥ በመጨረሻ ላይ በችኮላ ታልፏል። ይህ ጉድለት ከፊልሙ ውጭም መልክ አውጥቶ ታይቷል፤ በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ በብሔራዊ ቴአትር ሊታይ በተዘጋጀበት ምሽት፥ ታሪኩ የማነው በሚል ክርክር በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታግዶ ነበር። በሰንዳንስና በበርሊን የተመልካቾችን ሽልማት የተቀበለ ፊልም በገዛ አገሩ ደጃፍ ላይ መቆሙ የሚያሳዝን ነው። ነገር ግን የተበደለችን ሴት ድምፅ ለማሰማት የሚነሣ ሥራ ሁሉ፥ ድምፁ የማን እንደ ሆነ አስቀድሞ እንዲያስብ የሚያስተምር ነው።

«ድፍረት» በአዳራሽ ሲታይ ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ነበር። በቤት ባየነው ጊዜ ግን ጸጥታ አልነበረም። አንዲት እናት «እኔም እንዲሁ ነው የተዳርሁት» ብለው ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በኋላ ተናገሩ፤ ልጆቻቸውም ከዚያ ቀን በፊት ይህን ሰምተው እንደማያውቁ ከፊታቸው ይነበብ ነበር። ከዚያ ወዲያ ፊልሙን ያየው ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሉም የሚያየው እናቲቱን ነበር። አዳራሽ ሊሰጥ የማይችለውን ቤት የሚሰጥበት ጊዜ እንዳለ ከዚህ ተረድተናል።

የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ግን ተቃራኒውን ያስተምራል። ፕሮፌሰር ኃይሌ በ1966 ዓ.ም. በጥቁርና ነጭ ከቀረጹት «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ጀምሮ የአገራቸውን ገበሬ ኑሮ ሳይቸኩሉ በማሳየት የታወቁ ናቸው። «ጤዛ» በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በቬኒስ ልዩ የዳኞች ሽልማትን፥ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም በዓል ታላቁን የወርቅ ፈረስ ሽልማት ተቀብሏል። በጀርመን አገር የተማረው ሐኪም አንበርብር እግሩን አጥቶ፥ ትዝታውም ተበጣጥሶ ወደ እናቱ መንደር ይመለሳል። በመንደሩ ልጆች ለጦርነት እንዳይታፈሱ በዋሻ ይደበቃሉ። ታሪኩ በቀጥታ አይሄድም፤ ሕልምና ትዝታ፥ ጀርመንና ጣና፥ ትላንትና ዛሬ እየተቀላቀሉ ይመጣሉ። እዚህም አባት የሌለበት ቤት አለ፤ የአንበርብር ወዳጅ ተስፋዬ ለአብዮቱ ብሎ ወደ አገሩ ሲመለስ በባዕድ አገር የተወው ልጅ አባቱን እየጠበቀ ያድጋል። አገርን ለማዳን የተነሣ ትውልድ የገዛ ልጁን ሳያሳድግ ቀረ የሚለው ነገር ከፊልሙ ሁሉ መራራው እውነት ነው። በመጨረሻ አንበርብር የመንደሩን ልጆች ለማስተማር መቆሙ ለዚህ እንደ ካሣ ሊቆጠር ይችላል።

ይህን ፊልም ቀድሞ በአዳራሽ፥ በኋላ በቤት አይተነዋል። ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይፈጃል። በአዳራሽ ሳለን ርዝመቱ አልተሰማንም፤ የእናቱ ዝምታና የሐይቁ ጉም በራሳቸው ይናገሩ ነበር። በቤት ግን አንዱ ስልክ ሊመልስ ይነሣል፤ አንዷ ቡናውን ልታይ ትሄዳለች፤ በመካከሉም መብራት ጠፍቶ ይመጣል። የተነሣ ሰው ሲመለስ ታሪኩ በየት አገርና በየት ዘመን እንዳለ አያውቅም። አንድ ጎረቤታችን «ይህስ ለተማረ ሰው የተሠራ ነው» ብለው ደመደሙ። ይህ ፍርድ ግማሽ እውነት አለው። አዘጋጁ የዘመኑን መዘዋወር ጥቂት ቢያቃልሉት ፊልሙ በክብሩ ላይ ምንም አይጎድልበትም ነበር። ግማሹ ግን የቤቱ ጥፋት ነው፤ ቅዳሴ መሃል እየወጣና እየገባ ያልገባው ሰው በቀዳሹ ሊፈርድ አይገባውምና።

ሦስተኛው፥ አቶ ያሬድ ዘለቀ ያዘጋጁት፥ በውጭ አገር ስሙ «ላምብ» የተባለው ነው። በግንቦት 2007 ዓ.ም. በካን የፊልም በዓል ኦፊሴላዊ ምርጫ ውስጥ ለመግባት የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኤፍሬም የተባለ ልጅ እናቱን በረሃብ ዘመን ያጣል፤ አባቱም ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ልጁን ከአንዲት በጉ ጋር በተራራማ አገር ለሚኖሩ ዘመዶች ትቶት ይሄዳል። አጎቱ በጓን ለበዓል ሊያርዳት ይፈልጋል። ልጁ ከእናቱ የተማረው ሙያ ምግብ ማብሰል ነው፤ ሳምቡሳ እየሠራ በገበያ በመሸጥ የመመለሻውን ገንዘብ ሊያጠራቅም ይሞክራል። አጎቱ ግን ወንድ ልጅ ከጓዳ ምን አለው ብሎ ይቈጣል። ፊልሙ ጸጥ ያለ፥ ለዓይን የሚያምር፥ ማንንም ሰው የማያዋርድ ነው። አልፎ አልፎ የተራራው ውበት ለእንግዳ ዓይን ተብሎ የቀረበ መስሎ ይታየናል፤ ረሃብም በዚያ ውበት መካከል ስሙ ብቻ የሚነሣበት ጊዜ አለ። ቢሆንም በሠፈራችን ልጆች ዘንድ እንደዚህ ያለ ተቀባይነት ያገኘ የአገር ፊልም አላየንም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ኮልፌ ከየገጠሩ ሥራ ፍለጋ መጥተው የሠፈሩ ብዙ አባቶች ያሉበት ሠፈር ነው፤ በፊልሙ ውስጥ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ የተሠወረው አባት የደረሰው ወደ እኛ ሠፈር ነው ለማለት ይቻላል። ልጁ አባቱን ከወዲያ ሆኖ ሲፈልገው፥ እኛ ከወዲህ ሆነን እናየዋለን።

ከእነዚህ ቀጥሎ ስለ ዕለት ምግባችን መናገር ይገባል። በሲኒማ ቤት በአሁኑ ጊዜ የምናገኘው በአብዛኛው የፍቅርና የሣቅ ፊልም ነው። ሣቅን አንንቅም፤ የደከመ ሰው ሊስቅ ይገባዋል። ነገር ግን ቤቱ ሰፊ፥ መኪናው አዲስ፥ ሥራው ምን እንደ ሆነ የማይታወቅ ወጣት ደጋግሞ ሲታይ፥ ተመልካቹ የገዛ ኑሮውን እንደ ኀፍረት ይቈጥር ዘንድ ይማራል። በቤት ደግሞ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ «ቃና» ቴሌቪዥን በአማርኛ ድምፅ እየመለሰ ያቀረባቸው የውጭ ተከታታይ ድራማዎች ምሽቱን ወርሰውታል። ድምፃቸውን የሚያውሱት ተዋንያን ችሎታ የሚደነቅ ነው። ሆኖም ልጆቻችን የሌላ አገር ቤተ ሰብ ጠብ፥ ውርስና ሠርግ ከገዛ አያታቸው ታሪክ ይልቅ በዝርዝር ሲያውቁ ስናይ፥ ነገሩ ከመዝናናት ያለፈ እንደ ሆነ እንረዳለን። በዚያ ሰዓት አባት ብዙ ጊዜ ከመርካቶ አልተመለሰም። ስለ ቤተ ሰብ ለልጁ የሚያስተምረው ያ ድራማ ነው።

አንዳንድ ሰዎች የአዳራሽ ዘመን አልፏል፥ ፊልምን በቤት ማየት ይበቃል ይላሉ። ሐሳባቸው ጨርሶ የሚጣል አይደለም። በምሽት ለመውጣት የማይችሉ እናቶችና ሽማግሌዎች በቤታቸው ሆነው ማየታቸው ትልቅ ጥቅም ነው፤ ከላይ እንደ ተመለከትነውም ለዓመታት የተዘጋ አፍ በቤት ሊከፈት ይችላል። ነገር ግን ቤት የሚያየው የመጣለትን ነው። «ጤዛ»ና «ላምብ» ወደ ቤት በራሳቸው አይመጡም፤ ፈልጎ የሚያመጣቸው ሰው ያስፈልጋል። ደግሞም በቤት ሰው ከዘመዱ ጋር ብቻ ሆኖ ያያል፤ በአዳራሽ ግን ከማያውቀው ሰው ጋር በአንድ ነገር ያዝናል፥ ይስቃል። አንድ ሕዝብ ስለ ራሱ የሚነጋገረው ከዘመድ አልፎ ከጎረቤትና ከመንገደኛ ጋር ሲቀመጥ ነው።

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው። አገራችን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 የፊልም ፖሊሲ አውጥታለች፤ ፖሊሲ ግን በአዳራሽ ውስጥ ወንበር ካላገኘ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። በየወረዳው የወጣት ማዕከል አለ፤ በየትምህርት ቤቱም አዳራሽ አለ። በእነዚህ ቦታዎች በወር አንድ ቀን፥ በቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፥ አንድ የአገር ፊልም በአነስተኛ ዋጋ ቢታይና ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ለውይይት ቢተው፥ የሚጠይቀው ወጪ የመሣሪያውና የባለመብቱ ክፍያ ብቻ ነው። ባለመብቱ ሊከፈለው ይገባል፤ ያለዚያ ሁለተኛ ፊልም አይሠራልን። በ1990ዎቹ በየመንደሩ የነበሩት ቪዲዮ ቤቶች ያለ ማንም እርዳታ የሕንድንና የድብድብን ፊልም ለሠፈር ወጣት ሁሉ አዳርሰው ነበር። እነዚያ ያለ ፈቃድና ያለ ፖሊሲ ያደረጉትን፥ ፈቃድና ፖሊሲ የያዘ ክፍል ለገዛ አገሩ ሥራ ማድረግ አያቅተውም።

የመጀመሪያው ፊልማችን «አባቷ ማነው?» ብሎ ከጠየቀ ስድሳ ዓመት ሆነው። ጥያቄው በየፊልሙ መልኩን እየለወጠ ሲመጣ አይተናል። አሁን ደግሞ ስለ ፊልሞቹ ስለ ራሳቸው ልንጠይቀው ይገባል፤ በውጭ አገር ተሸልመው ሲመለሱ በአገራቸው ማን ይቀበላቸዋል? ከቀራንዮ እስከ ጦር ኃይሎች ያለው ሕዝብ ዓይንም ፍርድም አለው። የሚጎድለው የሚቀመጥበት ወንበርና የሚጠራው ሰው ነው።